«ከአውትፊልድ አነሱት»፦ የቤዝቦል ወላጆች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት ከደወሉልን ወላጆች ብዙዎቹ ያነሱት አንድ ነገር ነው፤ ልጁ ከአውትፊልድ (ከሜዳው የሩቅ ክፍል) ተነስቶ ሌላ ቦታ ሲሰለፍ ምን ይደረግ? በአየር ሰዓቱ ለመመለስ የቸኮልኩባቸውን እዚህ ዘርዘር አድርጌ መልሻለሁ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ የደወሉ አባት፦ የ11 ዓመት ልጄ ሁለት ዓመት ሙሉ ሴንተር ፊልድ (የአውትፊልዱ መሃል) ነበር። ዘንድሮ አሰልጣኙ ሰከንድ ቤዝ ላይ አቆመው። ቅዳሜ ሦስት ኳስ በእግሩ መሃል አለፈበት፤ እያለቀሰ ነው ቤት የደረስነው። ቅጣት ነው ወይ?

ወንድሜ፣ ቅጣት አይመስለኝም። በዚህ ዕድሜ አብዛኛው ምት ከኢንፊልዱ (ቤዞቹ ካሉበት የቅርብ ሜዳ) ርቆ ስለማይሄድ አሰልጣኞች ቀልጠፍ ያለውን ልጅ ወደ ውስጥ ያመጡታል። የሦስቱ ኳሶች ምክንያትም ቀላል ነው። ሴንተር ፊልድ ላይ ኳሷ አየር ላይ ስትቆይ ልጅዎ ሮጦ ከሥሯ ይደርሳል፣ ጓንቱንም በመጨረሻ ያነሳል። ሰከንድ ቤዝ ላይ ግን መሬት ለመሬት እየነጠረች ነው የምትመጣው። ጓንቱን ጉልበቱ ላይ ይዞ ቆይቶ ኳሷ ስትደርስ ወደ ታች ሊያወርደው ሲል፣ እሷ ቀድማው አልፋለች። ጓንቱ መጀመሪያውኑ መሬት ነክቶ ይጠብቅ፤ ኳሷ ብትነጥር ከታች ወደ ላይ ማንሳት ይቀላል። እግሮቹን ከፈት፣ ወገቡን ዝቅ ያድርግ፤ ፒቸሩ (ለመቺው የሚወረውረው) ኳሷን ሊለቅ ሲል ደግሞ ትንሽ እርምጃ ወደፊት ይራመድ፣ ተረከዙ ላይ እንዳይቆም።

ቤት ውስጥ የሚያስፈልግዎ የቴኒስ ኳስና ግድግዳ ብቻ ነው። ያለ ጓንት፣ ከግድግዳው ሦስት አራት ሜትር ርቆ፣ በየቀኑ 10 ደቂቃ በባዶ እጁ ይልቀም። እጁ እንዲለሰልስ ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም።

ጓንቱንም ይዩለት። የአዋቂ አውትፊልደር ጓንት 12.5 ኢንችና ከዚያ በላይ ነው፣ የመሃል ኢንፊልድ (የሰከንድ ቤዝና በሰከንድና በሰርድ ቤዝ መካከል የሚቆመው የሾርትስቶፕ) ግን 11.5 አካባቢ፤ የልጆቹም በዚያው ልክ ይለያያል። እኔ ራሴ አንድ ልጅ ከአውትፊልድ አምጥቼ በዚያው ትልቅ ጓንቱ ሾርትስቶፕ አሰልፌው ነበር። ኳሷን በደንብ ያዛት፣ ግን ከጥልቁ ጓንት ውስጥ በጣቱ ሲፈልጋት ሯጩ ቤዙ ላይ ደረሰ። ልጁ ወደኔ ዞሮ ያየኝን አልረሳውም። ጥፋቱ የኔ ነበር።

አንድ አደገኛ ነገር ልጨምር። ሴንተር ፊልደር «የኔ!» ካለ ሁሉም ይለቅለታል። ልጅዎ ይህን ለምዷል። አሁን ወደ ኋላው የምትወድቅ አጭር ኳስ ስትመጣ፣ ከፊት ለፊት እየሮጠ የሚመጣው አውትፊልደር ከጠራት መልቀቅ ያለበት ልጅዎ ነው። ካልለቀቀ ይጋጫሉ። እባክዎ ዛሬውኑ ይንገሩት።

ከአሌክሳንድሪያ የደወሉ እናት፦ ልጄ ግራኝ ነው፤ ሌፍት ፊልድ ይጫወታል። ሾርትስቶፕ ካልሆንኩ ይላል።

እህቴ፣ በግራ እጁ የሚወረውር ልጅ ከሾርትስቶፕ ወደ ፈርስት ቤዝ (መቺው መጀመሪያ ወደሚሮጥበት) ለመወርወር መጀመሪያ ሰውነቱን ማዞር አለበት፤ በዚያች ቅጽበት ሯጩ ያመልጣል። በልጅነቱ ቢሞክረው አይጎዳውም፤ እያደገ ሲሄድ ግን ቦታው አይሰጠውም። ፈርስት ቤዝን ያሳዩት። እዚያ ግራኝነት ሀብት ነው፦ ጓንቱ በቀኝ እጁ ስለሚሆን በፈርስትና በሰከንድ መካከል ወዳለው ክፍተት ይቀርባል፣ ወደ ሰከንድ ሲወረውርም አይዞርም።

ከሎስ አንጀለስ የደወለ ወጣት፦ የከተማችን ቡድን ዶጀርስ ስድስት ጊዜ የወርቅ ጓንት (የምርጥ ተከላካይ ሽልማት) ያገኘውን ሙኪ ቤትስን ከራይት ፊልድ አንስቶ ሾርትስቶፕ ማድረጉ ልክ ነበር?

ልክ ነበር፤ ግን ሁሉም ሊከተለው የሚችል ምሳሌ አይደለም። ቤትስ በናሽቪል ተማሪ ሳለ ሾርትስቶፕ ነበር፤ የቦስተን ቡድን በ2011 የመረጠው በኢንፊልደርነት ነው። በ2014 ወደ አውትፊልድ የወጣው ሰከንድ ቤዝን ደስቲን ፔድሮያ ስለያዘው ነበር። ስለዚህ ሰውየው ወደሚያውቀው ሠፈር ነው የተመለሰው። ያም ሆኖ ቀላል አልሆነለትም። በ2024 ሾርትስቶፕ እንዲሆን ሲወሰን ውድድሩ ሊጀመር ሁለት ሳምንት አልቀረውም ነበር፤ በዚያ ዓመት የሠራቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የውርወራ ነበሩ። ይህ አይገርመኝም። አውትፊልደር ዘለል ብሎ፣ ክንዱን ዘርግቶ፣ በሙሉ ኃይሉ ነው የሚወረውር። ሾርትስቶፕ ግን ክንዱን ሰብሰብ አድርጎ፣ እግሩ ባልተመቻቸበት ሁሉ ቶሎ መልቀቅ አለበት። ፈጣን ሯጭ በ4 ሰከንድ አካባቢ ፈርስት ቤዝ ይደርሳላ! በሰኔ የተወረወረ ኳስ ግራ እጁን ሰበረው፣ በነሐሴ ሲመለስም ራይት ፊልድ ነበር።

በ2025 ግን ሙሉ ዓመት ሾርትስቶፕ ሆነ። ኅዳር 1 ቀን ቶሮንቶ ላይ የወርልድ ሲሪስ (የዋንጫው ፍጻሜ) ሰባተኛ ጨዋታ፣ 11ኛው ኢኒንግ (ዙር)፣ ዶጀርስ 5 ለ 4 እየመራ፣ ከቶሮንቶ አንድ ሰው ከጨዋታ ወጥቶ፣ ፈርስትና ሰርድ ላይ ሯጭ አለ። የቶሮንቶው አሌሃንድሮ ከርክ የመታት ኳስ ዱላውን ሰብራ ወደ ቤትስ መጣች። ለቀማት፣ ሰከንድ ቤዝን ረገጠ፣ ፈርስት ቤዝ ላይ ላለው ለፍሬዲ ፍሪማን ወረወረ፤ የቀሩት ሁለት ሰዎች ወጡና ዋንጫው በዚያች ውርወራ አለቀ። እግሮቹን ደግመህ እያቸው፤ አንዲት ትርፍ እርምጃ የለችም።

ከፌርፋክስ የደወሉ አባት፦ የ12 ዓመት ልጄ ከራይት ፊልድ ሲወረውር ክርኑን ያመዋል። ኮከቡ ተጫዋች ብራይስ ሃርፐርም ፈርስት ቤዝ ገብቷል ብለው ሊያዛውሩት ነው።

ሃርፐር በኅዳር 2022 የክርን ጅማት ቀዶ ሕክምና አድርጎ፣ በሐኪም ክትትል አገግሞ ነው በሐምሌ 2023 ፈርስት ቤዝ የቆመው። እርግጥ ነው፣ እዚያ ረጅም ውርወራ ያነሰ ነው። የልጅዎ ነገር ግን ሌላ ነው። በዚህ ዕድሜ በክርኑ ውስጠኛ በኩል ያለው የአጥንት ማደጊያ ገና ስላልጠነከረ በተደጋጋሚ ውርወራ ይጎዳል። ቦታ ቀይሮ መወርወሩን ከቀጠለ ሕመሙ ይሸፈናል እንጂ አይድንም። መጀመሪያ ውርወራ ያቁምና ሐኪም ይየው። ፒቸርም ከሆነ ለአሰልጣኙ አሁኑኑ ይንገሩ። ካቸር (የፒቸሩን ኳስ ተቀባይ) ላድርገው ካሉዎት እምቢ ይበሉ፤ ካቸር ከእያንዳንዱ ፒች (የፒቸር ውርወራ) በኋላ ኳሷን መልሶ ይወረውራል። በሊትል ሊግ (የልጆች ቤዝቦል ማኅበር) ደንብ በአንድ ጨዋታ 41 ፒችና ከዚያ በላይ የወረወረ ልጅ በዚያው ቀን ካቸር መሆን አይችልም።