ከእብጠቱ በፊት ያሉት ዓመታት

እንደምን አመሻችሁ? እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ በዚህ የስቶክሆልም ብርድ ከቤት ወጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

አዘጋጆቹ "ላቦራቶሪ ውስጥ ምን እንደምትሠሪ በአማርኛ ንገሪን" ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነው የተቀበልኩት። ሥራዬ ፕሮቲን መመዘን ነው። በደምና በመገጣጠሚያ ፈሳሽ ውስጥ ያሉ በሺህ የሚቆጠሩ ፕሮቲኖችን በማሽን ለይተን እናያለን። ሙያው ፕሮቲዮሚክስ ይባላል። እኔ የማጠናው ሩማቶይድ አርትራይተስ የተባለውን የመገጣጠሚያ በሽታ ነው።

ጠዋት ጣት አልታጠፍ ይላል። የእጅ አንጓና የጣት መገጣጠሚያ ያብጣል፤ ብዙውን ጊዜ በሁለቱም እጅ። እኛ ቤት "ብርድ መታኝ"፣ "ቁርጥማት ነው" ተብሎ ይታለፋል። በሽታው ግን ከብርድ አይመጣም። የሰውነት መከላከያችን የገዛ አካላችንን ሲያጠቃ የሚነሳ ብግነት ነው። ካልታከመ አጥንት ይበላል።

ለምን ያጠቃል? ፕሮቲን የሚሠራው አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ትናንሽ ክፍሎች ነው። አንዱ አርጂኒን ነው። ፓድ የሚባሉ ኢንዛይሞች አርጂኒንን ወደ ሲትሩሊን ይቀይሩታል። ይህ በጤነኛ ሰው ላይም ይከሰታል። አንዳንድ ሰው ላይ ግን መከላከያው የተቀየረውን ፕሮቲን እንደ ባዕድ ያየዋል። የግቢ ውሻ አዲስ ካፖርት ለብሶ የመጣውን የቤቱን ልጅ ሲነክስ እንደማለት ነው።

ለውጡ በጣም ትንሽ ነው፤ የአንድ ሃይድሮጅን አቶም ክብደት ያህል። ይባስ ብሎ አስፓራጂን የተባለ ሌላ አሚኖ አሲድ፣ ናሙናው ገና በእጃችን እያለ እንኳ ተቀይሮ ልክ ይህንኑ ክብደት ሊጨምር ይችላል። በክብደት ብቻ ሁለቱ አይለዩም። ስለዚህ ፕሮቲኑን እንሰባብረውና ጭማሪው የትኛው ቁራጭ ላይ እንዳረፈ እንፈልጋለን። አድካሚ ነው፤ እኔ ግን እወደዋለሁ። እዚህ ላይ ካልተጠነቀቅን ምንም ያላደረገውን ፕሮቲን ጥፋተኛ እናደርገዋለን።

እ.ኤ.አ. በ1998 የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች የታማሚዎች አንቲቦዲ፣ ማለትም መከላከያችን ባዕድ ያለውን ለመያዝ የሚሠራው ፕሮቲን፣ ሲትሩሊን ያለበትን ቦታ ለይቶ እንደሚይዝ አሳዩ። ሐኪም "አንቲ ሲሲፒ" ብሎ የሚያዘው የደም ምርመራ የመጣው ከዚያ ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። በሰሜን ስዊድን፣ ኡሜዮ ውስጥ፣ ብዙ ጤነኛ ሰዎች ለምርምር ደም ሰጥተው ደሙ በማቀዝቀዣ ተቀምጦ ነበር። ከመካከላቸው አንዳንዶቹ በኋላ ታመሙ። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው ጥናት የድሮ ደማቸውን አወጣ። አንድ ሦስተኛ ያህሉ ምንም ሳያማቸው አንቲቦዲው ነበራቸው። በዓመቱ አምስተርዳም ውስጥ በደም ለጋሾች ላይ የተሠራ ጥናትም ተመሳሳይ ነገር አገኘ፤ አንዳንዶቹ ላይ ምልክቱ ከመታየቱ ከ10 ዓመት በላይ ቀድሞ። በሽታው በእብጠት አይጀምርም ማለት ነው። ውስጥ ውስጡን ሲሄድ ቆይቶ ነው የሚወጣው።

እኔ የምሠራው ለእነዚያ ዓመታት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ የእንግሊዝና የኔዘርላንድስ ጥናት አለ። አንቲቦዲው ያለባቸው፣ መገጣጠሚያቸው የሚያማቸው ግን ገና ያላበጠ ሰዎች አባታሴፕት የተባለ መድኃኒት ለአንድ ዓመት ወሰዱ። በዓመቱ መጨረሻ ወደ በሽታው የገቡት 6 በመቶ ናቸው፤ ማስመሰያ መርፌ ከተሰጣቸው ግን 29 በመቶ። መድኃኒቱ ሲቆም ልዩነቱ እየጠበበ ሄደ። ስለዚህ "አዳንን" አልልም። ማዘግየት ግን ይቻላል፤ ይህ በእኔ ዓይን ትልቅ ነገር ነው።

ሲጋራ የምታጨሱ ወንድሞቼ፣ ይህን ስሙኝ። እዚሁ ከተማ ያለው የሕክምና ዩኒቨርሲቲ፣ ካሮሊንስካ፣ እንዳሳየው፣ የተወሰነ የዘር ባሕርይ ያለው ሰው ሲያጨስ በእነዚህ አንቲቦዲዎች የታጀበው በሽታ የሚይዘው ዕድል በእጅጉ ይጨምራል። እባካችሁ አቁሙ።

አንድ ነገር ደግሞ ያሳስበኛል። በዓለም ላይ ያሉት ትልልቅ የፕሮቲን ጥናቶች አብዛኞቹ የተሠሩት በአውሮፓውያን ደም ነው። የእኛ ሰው እዚያ ውስጥ በበቂ አይታይም። ክሊኒክ ውስጥ "ለምርምር ናሙና ትሰጣላችሁ?" ስትባሉ ፈርታችሁ አትለፉት። ወረቀቱን አንብቡ፤ ስዊድንኛው ከከበዳችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። ካመናችሁበት ስጡ፤ ካላመናችሁበት እምቢ ማለት መብታችሁ ነው።

እናቶቼ፣ ጠዋት ጣታችሁ ለረጅም ጊዜ አልፈታ ካለ፣ እብጠቱም ለሳምንታት ከቆየ፣ በጋ እስኪመጣ አትጠብቁ። በዚሁ ሳምንት ቀጠሮ ያዙ። አሁን ጥያቄ ካላችሁ እዚሁ ነኝ፤ ጠይቁኝ።