ባዶ የሚመስለው ውሃ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ይህን የምቀዳው ካቋቋምኩት ዛሬ 34ኛ ቀኑን ከያዘው የጨው ውሃ አኳሪየም ፊት ለፊት ተቀምጬ ስለሆነ፣ ከድምፄ ኋላ የሚሰማችሁ ጉርምርምታ የፓምፑ ነው። በመስታወቱ ውስጥ 200 ሊትር ያህል ውሃ፣ ነጭ አሸዋና ጥቂት ድንጋይ አለ፤ ዓሣ ግን አንድም የለም። ቤቴ የመጣ ሁሉ «ዓሣዎቹስ?» ይለኛል፤ እኔም «ገና ናቸው» ማለትን ለምጄዋለሁ።

ይህን መልስ የተማርኩት ግን በቀላሉ አይደለም። የመጀመሪያውን አኳሪየሜን ባቋቋምኩ በሦስተኛው ቀን፣ ውሃው ጥርት ብሎ ስላየሁት ብቻ፣ ክላውንፊሽ የሚባሉ ሁለት ትናንሽ የባሕር ዓሦች ገዝቼ ጨመርኩ። በአምስተኛው ቀን ሁለቱም ውሃው ገጽ ላይ ተንጠልጥለው ስንጥባቸውን በፍጥነት ሲከፍቱና ሲዘጉ አገኘኋቸው። ውሃው ያን ጊዜም ጥርት ያለ ነበር። ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያስወጣል፣ የተረፈው ምግብና ኩሱም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል፤ የባሕር ውሃ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ደግሞ ከ8 በላይ በመሆኑ፣ ከአሞኒያው መርዛማ የሆነው ክፍል ፒኤቹ ዝቅ ካለ ውሃ ይልቅ እዚህ ይበዛል። በዓይን አይታይም፤ ዓሣ በሚገድል መጠን እንኳ ለእኛ አይሸትም። እኔ ግን መለኪያ እንኳ አልነበረኝም።

በዚህኛው ሥራዬን የጀመርኩት ከውሃው ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪንና አንዳንዴም ከቧንቧው የሚመጣ መዳብ ስለሚኖርበት፣ መዳብ ደግሞ በጥቂቱም ቢሆን አከርካሪ የሌላቸውን የባሕር እንስሳት ስለሚጎዳ፣ በሪቨርስ ኦስሞሲስ፣ ማለትም እጅግ ረቂቅ በሆነ ስስ ሽፋን ውስጥ በግፊት በማሳለፍ፣ የተጣራ ውሃ ተጠቀምኩ። ጨው ወደሚንቀሳቀስ ውሃ ቀስ እየተባለ ይጨመራል እንጂ ውሃ በጨው ላይ አይፈስም፤ ይህን ገልብጬ ባደረግሁበት አንድ ቀን ካልሲየሙ ከካርቦኔት ጋር ተጣምሮ ባልዲው ሥር እንደ ኖራ ነጭ ሆኖ ዘቀጠ፤ ያን ጨው ጣልኩት። የምፈልገው ጨዋማነት በሺህ 35፣ ማለትም አንጻራዊ ጥግግቱ 1.026 ገደማ የሆነ ነበር። የጨዋማነት መለኪያዬን፣ ሪፍራክቶሜትሬን፣ በንጹሕ ውሃ ዜሮ ላይ አስተካክዬ ሳምነው ቆይቼ፣ ልኩ 35 በሆነ ማመሳከሪያ ፈሳሽ ስፈትነው ሁለት ያህል ስቶ አገኘሁት።

ከዚያ በኋላ፣ አሞኒያን የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ዓሣ ከመግባቱ በፊት እንዲበዙ፣ ምግብ እንዲሆናቸው አሞኒያው በሊትር 2 ሚሊግራም እስኪደርስ ጠብታ እየቆጠርኩ ጨመርኩ፤ መጠበቁም ተጀመረ። እስከ ዘጠነኛው ቀን ድረስ የአሞኒያው መለኪያ ብልቃጥ በየማታው ያው አረንጓዴ ነበር፣ ማለትም አሞኒያው አልቀነሰም፤ ማስታወሻዬም ላይ «ለውጥ የለም» የሚለውን ቃል ስደጋግም ሰንብቻለሁ። በ11ኛው ቀን የናይትራይቱ ብልቃጥ ሐምራዊ ሆነ። አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ደግሞ ወደ ናይትሬት የሚለውጡት የተለያዩ ባክቴሪያዎች መሆናቸውን የማይክሮባዮሎጂ ሊቁ ሰርጌይ ዊኖግራድስኪ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1890 ገደማ ነው፤ እኔ ደግሞ አንደኛው ወገን ቀድሞ ሁለተኛው ሲዘገይ በገዛ ቤቴ በቀለም አየሁት። ባክቴሪያዎቹ በብዛት የሚሰፍሩት በውሃው ውስጥ ተንሳፍፈው ሳይሆን በድንጋዩ ቀዳዳዎችና በአሸዋው ፍሬ ላይ ነው፤ ስለዚህ በዚህ ወቅት ድንጋይ አውጥቶ መፋቅ የተሠራውን ማፍረስ ነው።

በነገራችን ላይ ብዙ ሰው ናይትራይትን ከሚገባው በላይ ይፈራል። በባሕር ውሃ ውስጥ ያለው ብዙ ክሎራይድ ናይትራይት በስንጥብ በኩል እንዳይገባ ስለሚከላከል፣ ጉዳቱ ከጨው አልባ ውሃ እጅግ ያነሰ ነው። ሆኖም እስኪጠፋ ጠበቅኩ፤ አንደኛ ሁለተኛው ወገን መድረሱን የሚነግረኝ እሱ በመሆኑ፣ ሁለተኛም የናይትሬትን ልኬት ከእውነተኛው በላይ አድርጎ ስለሚያሳይ።

በሦስተኛው ሳምንት አሸዋው ዝገት የመሰለ ቡናማ ሽፋን ለበሰ። ዲያቶም የሚባል በዓይን የማይታይ ረቂቅ አልጌ ነው፤ በአዲስ አኳሪየም የተለመደ ሲሆን ቅርፊቱን የሚሠራበት ሲሊካ የተባለው ማዕድን ሲያልቅበት አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይመናመናል። እጄ ለመፋቅ ቢያሳክከኝም መብራቱን አጥፍቼ ተውኩት። የሠራሁት ሥራ ቢኖር በየጠዋቱ የጎደለውን መሙላት ነው፤ ውሃው ይተናል፣ ጨው ግን አይተንም፤ ስለዚህ የሚሞላው በጨው ውሃ ሳይሆን በንጹሕ ውሃ ነው።

ትናንት ማታ ለመጨረሻ ጊዜ በሊትር 2 ሚሊግራም አሞኒያ ጨመርኩ። ዛሬ ማታ፣ 24 ሰዓት ሲሞላ፣ ብልቃጡን ነጭ ወረቀት ላይ አስደግፌ ባየው ጥርት ያለ ቢጫ ነው፤ ናይትራይቱም የለም። የተረፈው ናይትሬት ብቻ ስለሆነና እሱም ከፍ ስላለ፣ ግማሹን ውሃ ልቀይር ነው። ከዚያ የምጨምረው አንድ ዓሣ ብቻ ይሆናል፤ ባክቴሪያዎቹ የሚበዙት በሚያገኙት ምግብ ልክ በመሆኑ፣ አምስት ዓሣ በአንድ ቀን ቢገባ አሞኒያው ሊቀድማቸው ይችላል። አሁን አዲሱ ውሃ ከጎኔ ባልዲ ውስጥ እየተሽከረከረ ነው፤ ቴርሞሜትሩ 23 ዲግሪ ይላል፤ አኳሪየሙ 25 ነውና እስኪተካከሉ ማሞቂያውን አላወጣም።