ክራውለራችን ለምን አልታጠፍ ይላል?

[ምስል፦ የፊት ግራ ጎማው በሁለት ድንጋዮች መሃል የተቀረቀረ ባለ 1/10 መጠን ክራውለር። ጣት የሪሞቱን መሪ ወደ ግራ ያዞራል።]

ክራውለር ድንጋይ ለመውጣት የተሠራ በሪሞት የሚነዳ ትንሽ መኪና ነው። እስቲ ይህን ልብ ብላችሁ እዩልኝ። ጎማው ድንጋይ መሃል ገብቷል። መሪውን ወደ ግራ አዞርኩ። ጎማው ንቅንቅ አላለም። ግን ገላው ሲጋደል አያችሁት? ሰርቮው፣ ማለትም ጎማውን የሚያጥፈው ትንሽ ሞተር፣ ሥራውን እየሠራ ነው። ጉልበቱ ግን ጎማው ጋ ሳይደርስ መኪናውን ራሱን ገፋው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ከበድ ያለ ሰርቮ ይገዛል። እኔም ገዝቼ ነበር። ገላው ከበፊቱ ብሶ ተጋደለ፣ ጎማው ግን ያው ነው። ስለዚህ ዛሬ ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት ጉልበቱ በየት በኩል እንደሚያልፍ እንከተለው።

[ምስል፦ አክስል ላይ የታሰረ ሰርቮ በቅርበት። አክስሉ በእጅ ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀሳል።]

መጀመሪያ ሰርቮው የት ነው የተቀመጠው? እዚህኛው ሌላ መኪና ላይ አክስሉ ላይ፣ ማለትም ግራና ቀኝ ጎማውን በሚያገናኘው አግዳሚ ላይ፣ ታስሯል። አክስሉ ሲወጣ አብሮ ይወጣል፣ ሲወርድ አብሮ ይወርዳል። በሰርቮውና በጎማው መሃል ያለው ርቀት አይቀየርም። ትልቁ ጥቅም ደግሞ ይሄ ነው፦ ሰርቮው ጎማውን ሲገፋ የሚደገፈው አክስሉን ነው። ግፊቱም ምላሹም እዚያው አክስሉ ላይ ያልቃል። ሻንሲው፣ ማለትም የመኪናው ዋና አጽም፣ አይነካም፣ ገላው አይጋደልም።

ክብደቱም ዝቅ ብሎ ፊት ላይ ስለሚያርፍ ዳገት ላይ ያግዛል። ችግሩ ሰርቮው ለድንጋይና ለውሃ ይጋለጣል። ሽቦውም ከአክስሉ ጋር ስለሚወዛወዝ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት። ከተወጠረ አንድ ቀን ይበጠሳል።

[ምስል፦ ሻንሲ ላይ የታሰረ ሰርቮ። ከሱ ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግ በቀይ ቀለም ይታያል።]

ሁለተኛው መንገድ ሰርቮውን ሻንሲው ላይ ማሰር ነው። የትራክሳስ ቲአርኤክስ-4 አሠራር እንዲህ ነው። ከሰርቮው አንድ ረጅም ዘንግ ወርዶ ጎማውን ይገፋል። ትልቁ መኪና ላይ የመሪው ማርሽ ሻንሲ ላይ እንደሚታሰር ማለት ነው። መኪናቸው እውነተኛውን እንዲመስልላቸው የሚፈልጉ ሰዎች ይህን ይመርጣሉ፣ እውነትም ያምራል።

ግን አንድ ነገር አለ። ሰርቮው ሻንሲ ላይ ቆሞ አክስሉን ወደ ጎን ሲገፋ፣ ጎማው ከመታጠፍ ይልቅ አክስሉ ራሱ ወደ ጎን ሊሸሽ ይችላል። እንዳይሸሽ የሚይዘው ይህ ነው።

[ምስል፦ ፓናርድ ዘንግ በሰማያዊ ቀለም፤ አንዱ ጫፍ ሻንሲ ላይ፣ ሌላው አክስል ላይ።]

ፓናርድ ዘንግ ይባላል። አሁን ቀዩንና ሰማያዊውን ዘንግ አብራችሁ እዩ። ሁለቱ ጎን ለጎን ትይዩ መሆን አለባቸው። ርዝመታቸውም ተቀራራቢ ይሁን። ለምን? ሞላው ሲጨመቅ ሁለቱም ዘንጎች ቅስት እየሠሩ ይንቀሳቀሳሉ። ቅስታቸው ከተለያየ፣ እናንተ መሪውን ሳትነኩ ጎማው በራሱ ይዞራል።

ሙከራው ቀላል ነው። መኪናውን አብሩት፣ ጠረጴዛ ላይ አቁሙት፣ ገላውን በእጃችሁ ወደ ታች ተጫኑ። ጎማዎቹን እዩ። ከታጠፉ ዘንጎቹ አልተስማሙም ማለት ነው።

ስለ መጋደሉም መልሱ እዚሁ ነው። ሰርቮው በቀዩ ዘንግ ወደ አንድ ጎን ይገፋል፣ ሰማያዊው ወደ ሌላው ጎን ይይዛል። አንዱ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ብሎ ከተራራቁ፣ ሁለቱ ተባብረው ሻንሲውን ይጠመዝዙታል። የእኔ መኪና ላይ ያገኘሁት ይህንን ነው። በዚያ ላይ የፓናርዱ ብሎን ላልቶ ነበር። የሰርቮው እንቅስቃሴ ከፊሉ ክፍተቱን በመሙላት ያልቃል።

ከሁለቱ የቱ ይሻላል ካላችሁኝ፣ ድንጋይ መውጣት ብቻ ከሆነ ሐሳባችሁ አክስሉ ላይ እሰሩት። ለመልኩም የምትጨነቁ ከሆነ ሻንሲው ላይ ይሁን፣ ግን ፓናርዱን በትዕግሥት አስተካክሉ።

[ምስል፦ ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያገናኘው ታይሮድ።]

ታይሮዱን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። ከአክስሉ ፊት ከሆነ ድንጋዩን ቀድሞ የሚመታው እሱ ነው። ከኋላ ከሆነ አክስሉ ይከልለዋል። ቦታ ካለ ከኋላ አድርጉት።

[ምስል፦ ሁለት የሰርቮ ክንዶች፤ አንዱ 2.5፣ ሌላው 2 ሴንቲ ሜትር።]

አሁን ወደ ጉልበቱ እንምጣ። የሰርቮ ጉልበት በኪሎ ግራም ሴንቲ ሜትር ይለካል። 25 የተጻፈበት ሰርቮ ላይ የ2.5 ሴንቲ ሜትር ክንድ ብትገጥሙ ጫፉ ላይ የ10 ኪሎ ግፊት ታገኛላችሁ። ክንዱን ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ብታሳጥሩት 12.5 ኪሎ ይሆናል። በነፃ የተገኘ ጉልበት ነው! ብቻ ክንዱ ሲያጥር ጎማው የሚታጠፍበት መጠንም ይቀንሳል። ጎማው እስከ መጨረሻው መድረሱን አረጋግጡ።

ክንዱ ውስጥ ሞላ ያለበት ዓይነት ካለ አውጡት። ለፈጣን መኪና ሰርቮውን ከግጭት ያድናል። ክራውለር ላይ ግን ጎማው ሲከብደው ሞላው ይለጠጥና ጉልበቱ እዚያው ይቀራል። ጠንካራ የአሉሚኒየም ክንድ ግጠሙ።

ስለ ኤሌክትሪኩም አትርሱ። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ጉልበት ብዙውን ጊዜ በ7.4 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ የተለካ ነው። የፍጥነት መቆጣጠሪያው 6 ቮልት ብቻ የሚሰጥ ከሆነ የከፈላችሁበትን አታገኙም። ትልቅ ሰርቮ ጎማው ሲቀረቀር ብዙ አምፔር ይስባል። መቆጣጠሪያው ያን ካልቻለ ቮልቱ ይወርድና የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለው ሪሲቨር ጠፍቶ ይበራል። ዳገት መሃል ላይ ይህ ሲሆን በጣም ያናድዳል። ለሰርቮው ብቻ የሚሆን የቮልት መቀነሻ ብትገጥሙ ይፈታል።

[ምስል፦ የፊት ጎማ ከውስጥ፤ ክሮቸራው ሲዞር በዝግታ።]

ጎማው ስንት ዲግሪ ይታጠፍ? የሚወስነው ክሮቸራው፣ ማለትም ጎማው ታጥፎም እንዲሽከረከር የሚያደርገው መገጣጠሚያ፣ ነው። ተራ ክሮቸራ ማዕዘኑ በጨመረ ቁጥር በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። ጎማው ሲንቀጠቀጥ የምታዩት ለዚህ ነው። ለሰፊ ማዕዘን የተሠራ ክሮቸራ ሳትገጥሙ ጎማውን በግድ አታጥፉ፣ ይሰበራል።

ብዙ ክራውለር ላይ ግራና ቀኝ ጎማ እኩል እንዲዞሩ ዲፈረንሻሉ፣ ማለትም ሁለቱ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅደው ማርሽ፣ የተቆለፈ ነው። ስለዚህ ጎማው ብዙ ቢታጠፍም መኪናው ሰፊ ዙር ይፈልጋል። የፊት አክስሉን ማርሽ ቀይሮ ከኋላው ትንሽ እንዲፈጥን ማድረግ ይረዳል። ፊቱ ይጎትታል፣ ዙሩም ይጠባል።

የኋላ ጎማም የሚታጠፍበት አሠራር አለ። ኋላው በተቃራኒው ሲታጠፍ ዙሩ በጣም ይጠባል፤ በአንድ አቅጣጫ ሲታጠፍ መኪናው እንደ ሸርጣን በጎን ይሄዳል። ግን ሁለተኛ ሰርቮ ማለት ኋላ ላይ ክብደት መጨመር ነው፣ ዳገት ላይ ደግሞ ኋላው እንዲከብድ አንፈልግም። እኔ ለጀማሪ አልመክረውም።

[ምስል፦ የሪሞቱ ማስተካከያ።]

የመጨረሻው ሥራ ሪሞቱ ላይ ነው። ክንዱን ከመግጠማችሁ በፊት ሰርቮውን አብሩትና መሃል ላይ ይቁም። ከዚያ ክንዱን ቀጥ አድርጋችሁ እሰሩ። ቀጥሎ የግራና የቀኝ ገደቡን አስተካክሉ፦ ጎማው መታጠፍ የሚችልበት መጨረሻ ላይ ሲደርስ ሰርቮውም እዚያው ይቁም። ጎማው ቆሞ ሰርቮው ጥዝዝ እያለ ከገፋ እየተቃጠለ ነው። አንድ ጥሩ ሰርቮ ያጣሁት በዚህ ነው። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነበር።

[ምስል፦ ያው መኪና፣ ያው ድንጋይ።]

እንሞክረው። ፓናርዱን ወደ ቀዩ ዘንግ አቀረብኩት፣ ብሎኑን አጠበቅኩ፣ ክንዱን አሳጠርኩ። ሰርቮው ያው የድሮው ነው። ወደ ግራ አዞርኩ።

ታጠፈ። ገላውም አልተጋደለም።