ጨዋ፣ ከተማ፣ ነፍጥ፦ የጥንቱን ሠራዊት ቃላት በዘመናቸው ማንበብ

ክቡራትና ክቡራን፣ የተከበራችሁ የንባብ ወዳጆች፤

የ16ኛውንና የ17ኛውን ክፍለ ዘመን ዜና መዋዕል በአማርኛ ትርጉም የሚያነብ ሰው አብዝቶ የሚሳሳተው በየቀኑ በሚናገራቸው ቃላት ነው። እንግዳውን ቃል መዝገበ ቃላት ገልጦ ያየዋል፤ የለመደውን ግን አውቀዋለሁ ብሎ ያልፈዋል። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እየጠቀስሁ ጥቂቶቹን ላስረዳ።

አንድ ወጣት አንባቢ፣ ንጉሡ በየአገሩ ጨዋ ማስፈሩን አንብቦ፣ ምግባረ መልካም ሰዎችን ለምክር የላከ መስሎት ሲያስረዳኝ ሰምቼዋለሁ። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468) እና ከዚያም በኋላ ጨዋ ማለት ግን የየራሱ ስም ያለው፣ በየአውራጃው ሰፍሮ ድንበር የሚጠብቅና ቀለቡን ከሰፈረበት አገር የሚያገኝ የንጉሥ ጦር ነበር። «የጨዋ ልጅ» የምንለው አነጋገር ከዚያ ክብር የተረፈ ይመስለኛል።

ከተማም እንዲሁ ነው። ቃሉ «ከተመ» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን፣ ዐፄ ፋሲለደስ በ1636 ጎንደርን እስኪቆረቁሩ ድረስ የንጉሡ ከተማ በአብዛኛው ድንኳኑ የተተከለበት ቦታ ነበር፤ ድንኳኑ ሲነቀል ከተማውም አብሮ ይነሣል። ሹመቶቹ የሚገቡን ይህን ሰፈር በዓይነ ኅሊናችን ስናይ ነው። በንጉሡ ደጅ ያለውን ጦር የሚያዘምተው ደጃዝማች፣ በቀኝ ያለው ቀኛዝማች፣ በግራ ያለው ግራዝማች ይባላል፤ ፊታውራሪው ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ እየወረረ መንገድ ይከፍታል። ስለዚህ ደጃዝማችን «ጄኔራል» ብሎ መተርጎም ስሙ የተሸከመውን ቦታ ማጥፋት ነው፤ ቃሉን እንዳለ ትቶ አንድ ዐረፍተ ነገር ማብራሪያ መጨመር እጅግ ይሻላል።

ነፍጥ ከሁሉም ይልቅ ሊዘገዩበት የሚገባ ቃል ነው። በዐረብኛ «ናፍጥ» መጀመሪያ የሚነድ የምድር ዘይት ነበር፤ ኋላ ባሩድ፣ ቀጥሎም ባሩዱን የሚተፋው መሣሪያ በዚያው ስም ተጠራ። ዛሬ መኪናችን የሚቀዳው ናፍጣ በጣልያንኛ በኩል የመጣ የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። በ1541 የፖርቱጋሉ የጦር አለቃ ክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ የኢትዮጵያን ንጉሥ ሊረዳ 400 የሚያህሉ ፖርቱጋሎችን ይዞ ከምጽዋ ሲነሣ፣ ንጉሡን ይወጋ የነበረው ኢማም አሕመድም (ግራኝ) ከኦቶማን ቱርኮች ተኳሾችን ሲያስመጣ፣ በሁለቱም ወገን ነፍጥ የያዘ ሰው ነበር። ነፍጠኛ የሚለው ቃል ከጊዜ በኋላ የመሬትና የፖለቲካ ጠብ ተሸክሟል፤ የዚያን ዘመን ጽሑፍ ስናነብ ግን ተኳሽ ከማለት በላይ ልንጭንበት አይገባም። በጎንደር ዘመን የእነዚህ ተኳሾች አለቃ «ቱርክ ባሻ» መባሉም ሙያው በማን በኩል እንደ መጣ ይናገራል።

የዚያ ዘመን ነፍጥ በክር የሚቀጣጠል ነበር። ተኳሹ ባሩዱን በአፈሙዙ ያፈስሳል፣ የእርሳሱን አረር ያስከትላል፣ በዘንግ ይጠቀጥቀዋል፣ በጎን ባለችው ትንሽ ጎድጓዳ ላይ ጥቂት ባሩድ ይነሰንሳል፤ ቃታውን ሲስብ ጫፉ የሚጨሰው ክር ወደ ባሩዱ ይወርዳል። ሕዝባችን በአፈሙዙ የሚጎርሰውን ጠመንጃ «ቆመህ ጠብቀኝ» ብሎ መሰየሙ ይህን ሁሉ ድካም በሁለት ቃል ገልጦታል። ተኳሹ እስኪያጎርስ ድረስ ባለጋሻውና ባለጦሩ ካልከለሉት እርሱ ራሱ ሟች ነው።

ዝናብ ሲመጣ ክሩ ይጠፋል፣ ባሩዱ ይርሳል፣ ወንዙ ይሞላል። ዜና መዋዕሉ ንጉሡ በእገሌ አገር «ከረመ» ሲል ጥቂት ቆየ ማለቱ አይደለም፤ ዘመቻው ቆሞ፣ ሠራዊቱ ድንኳኑን ተክሎ፣ ክረምቱን በዚያው አሳለፈ ማለቱ ነው።