መስኮቱ አይከፈትም

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ አዋሽ ሰባት ላወራችሁ ነው፣ ተወልጄ ስላደግኩባት ከተማ።

ሰሞኑን በአዲሱ ባቡር ወደ ድሬዳዋ ስሄድ አዋሽ ላይ ቆመ። ልቤ ድንግጥ አለ። ብድግ ብዬ መስኮቱን ልከፍት ብል አይከፈትም። እስካሁን ያ መስኮት ከዓይኔ አልጠፋ አለ።

እናቴ እኮ ያሳደገችኝ በባቡር መስኮት ነው። የተቀቀለ እንቁላል ትሸጥ ነበር። ሚጥሚጣና ጨው ቀላቅላ፣ በጋዜጣ ቁራጭ እንደ ከረሜላ ጠቅልላ፣ ከእንቁላሉ ጋር ሳፋ ላይ ትደረድራለች። ፉርጎው ከፍ ያለ ስለሆነ ሳፋውን ወደ ላይ ትዘረጋለች፣ ተሳፋሪው ጎንበስ ብሎ ያነሳል። ችግሩ ባቡሩ ፊሽካውን ነፍቶ ሲነሳ ነው። እንቁላሉ ሄዷል፣ ገንዘቡ ገና ነው። እናቴ ከባቡሩ ጎን ትሮጣለች፣ ሰውየው ስሙኒውን በዚያችው በሚጥሚጣዋ ወረቀት ጠቅልሎ ይወረውርላታል። ከሐዲዱ ጠጠር መሃል የምለቅመው እኔ ነበርኩ። የአዋሽ ጠጠር በቀትር እንዴት እንደሚፋጅ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሳይከፍል ያመለጣትን "ሲመለስ ይሰጠኛል" ትል ነበር። ሲመለሱ የሰጧትም ነበሩ፣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከተማዋን የወለዳት ራሱ ባቡሩ ነው። ሥራው ከጅቡቲ በ1890 ዓ.ም. ተጀመረ፣ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ፣ ከዚያ በገንዘብና በመንግሥታት ሽኩቻ ዓመታት ቆሞ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ያን ጊዜ ባቡር ሌሊት አይሄድም። ከጅቡቲ የተነሳ ሰው አንድ ሌሊት ድሬዳዋ፣ አንድ ሌሊት አዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን ነው ለገሃር የሚወርደው። እስቲ አስቡት፣ ያ ሁሉ መንገደኛ ይበላል፣ አቧራውን ይታጠባል፣ ይተኛል። ጣቢያው አጠገብ ያለው ቡፌ የሚባለው ሆቴል የቆመው ለዚህ ነው። ከረዩው፣ አፋሩ፣ አርጎባው ፍየሉንና ወተቱን ይዞ የሚመጣበት ገበያም በዚያው ደራ። አዋሽ ማለት ለእኔ ባቡር የሚያድርባት ቤት ነበረች።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አይሆንልኝም። ጥር 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ባቡሩ አዋሽ አካባቢ ኩርባ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ከሐዲዱ ወጣ፣ ፉርጎዎቹም ገደል ገቡ። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። እኔ አልተወለድኩም። እናቴ ስለዚያ ቀን የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ነጠላዬን ለብሼ ሄድኩ፣ ያለ ነጠላ ተመለስኩ። ማንን እንዳለበሰችው አትናገርም። እኔም ጠይቄያት አላውቅም።

አሁን የድሮው ሐዲድ ዝም ብሏል። ከተማዋን የያዛት የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ነው፣ ሾፌሮቹ ያድራሉ፣ ይበላሉ፣ እሱም አንድ ነገር ነው። በ2009 የተመረቀው አዲሱ ባቡር በኤሌክትሪክ ይሄዳል፣ ፈጣን ነው፣ ንጹሕ ነው፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነው የተሳፈርኩት። ግን አዋሽ ላይ ቆሞ ሳለ ከውጭ አንድም ድምፅ አልገባም።

እዚያው ተቀምጬ ደወልኩላት። "እማዬ፣ አዋሽ ነኝ፣ ባቡሩ ውስጥ" አልኳት።

"ምን በላህ?" አለችኝ።

"ምንም። መስኮቱ አይከፈትም።"

ዝም አለች። ቆይታ፣ "ታዲያ መንገደኛው ምን ይበላል?" አለችኝ።