ለትንሽ ሽጉጥ ኃይለኛ ጥይት ለምን?

(ባሕር ዳር ውስጥ ለሆቴልና ለባንክ ጥበቃ ሠራተኞች፣ እንዲሁም ፈቃድ ላላቸው የሽጉጥ ባለቤቶች በተዘጋጀ የሥልጠና ቀን የቀረበ ንግግር)

እንደምን አደራችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ። ከሌሊት ተረኝነት በቀጥታ የመጣችሁ እንዳላችሁ ዓይናችሁ ይናገራል። ስለዚህ ወግ አላበዛም።

የዛሬው ጉዳዬ አንድ ነው። በልብስ ሥር የሚያዙ ትንንሽ ሽጉጦች ላይ ከመደበኛው በላይ ግፊት ያለው ጥይት ስለመጠቀም ነው። ሳጥኑ ላይ «ፕላስ ፒ» (+P) የሚል ተጽፎበት ይመጣል። እኔ «ኃይለኛው» እያልኩ እቀጥላለሁ።

አቋሜን አልደብቅም። በትንሽ ሽጉጥ ላይ ኃይለኛው የሚሰጣችሁ ጥቂት ነው፤ የሚወስድባችሁ ብዙ። ሽጉጡ የተሠራለትን ተራ ጥይት ያዙ። አዲስና ንጹሕ ይሁን እንጂ ሌላ ምንም አያስፈልገውም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ቃታ ሲሳብ ባሩዱ ይነድና ጋዝ ይሆናል። ጋዙ መውጫ ሲያጣ እርሳሱን ገፍቶ ያስወጣል። ይህ ግፊት ይለካል፤ ጣሪያም አለው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1926 የተቋቋመው የመሣሪያና የጥይት አምራቾች ማኅበር፣ በአጭሩ ሳሚ፣ ለ9 በ19 ጥይት (ውፍረቱ 9፣ የቀለሁ ርዝመት 19 ሚሊሜትር፤ ፓራቤለም የሚባለው) ያስቀመጠው ጣሪያ በካሬ ኢንች 35,000 ፓውንድ ነው። ቁጥሩ ባዶ እንዳይመስላችሁ ጎሚስታ ቤት ሂዱ። የቤት መኪና ጎማ ሲነፋ መለኪያው 35 አካባቢ ይቆማል። መዳፋችሁ ውስጥ የሚፈነዳው የዚያ ሺህ እጥፍ ነው። አንድ ጎማ ሲፈነዳ እንኳ ሰፈሩ ምን ያህል እንደሚደነግጥ ታውቃላችሁ።

በፕላስ ፒ ጣሪያው ወደ 38,500 ከፍ ይላል። አሥር በመቶ ጨመረ ማለት ነው። በሪቮልቨር፣ ማለትም ጥይቱ በሚሽከረከር ጎማ ውስጥ በሚገባበት ሽጉጥ፣ በሚተኮሰው .38 ስፔሻል ጥይት ደግሞ ከ17,000 ወደ 20,000 ይወጣል። ከዚያም በላይ «ፕላስ ፒ ፕላስ» (+P+) የሚባል አለ። ለእሱ ሳሚ ጣሪያ አላወጣለትም። ሁለት የመደመር ምልክት ካያችሁ፣ ውስጡ ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቀው የሠራው ፋብሪካ ብቻ ነው። ለትንሹ .380 ጥይት ደግሞ ሳሚ ፕላስ ፒ የሚባል ደረጃ ጭራሽ የለውም። ሳጥኑ ላይ ተጽፎ ካገኛችሁት ፋብሪካው በራሱ ሥልጣን የጻፈው ነው።

«ሽጉጥ እኮ ከጣሪያው በላይ ተፈትኖ ነው የሚወጣው» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እውነቱን ነው። መቀመጫውን ብራስልስ ያደረገው ዓለም አቀፍ የመሣሪያ ፈተና ኮሚሽን በሚያዘው መሠረት፣ ሽጉጥ ከጣሪያው 30 በመቶ በሚበልጥ የሙከራ ጥይት ይፈተናል። ግን ፈተናው አንድ ጊዜ ነው። ካለፈ ማኅተም ይመታበትና ያበቃል። ያ ማለት በየቀኑ እንደዚያ ተኩሱበት ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ስህተት ልምጣ። «በርሜሉ አጭር ስለሆነ ኃይለኛው ያካክሰዋል» ይባላል። ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ግን ግፊቱ ጫፍ የሚደርሰው እርሳሱ ገና ትንሽ እንደተንቀሳቀሰ ነው። በርሜሉ ረጅምም ሆነ አጭር፣ ጥይቱ የጎረሰበት ክፍል የሚቀበለው ዱላ ያው ነው። አጭር በርሜል የሚቀንሰው ጋዙ እርሳሱን የሚገፋበትን ጊዜ ነው። ስለዚህ ከጨመራችሁት ጉልበት ከፊሉ እርሳሱ ላይ ሳይደርስ ከአፈሙዙ ውጭ በብልጭታና በጩኸት መልክ ይበተናል። በሌሊት፣ መብራት በጠፋበት የሆቴል ኮሪደር ውስጥ አስቡት። ለጥቂት ጊዜ ዓይናችሁ አያይም፤ ጆሯችሁም አይሰማም። ያን ሁሉ የከፈላችሁት ለትንሽ ፍጥነት ነው።

ርግጫውስ፣ ሽጉጡ ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚገፋው? ብዙዎቻችሁ የያዛችኋት የሶቪየቷ ሽጉጥ ማካሮቭ ባዶዋን 730 ግራም ትመዝናለች። ዛሬ ለኪስ ተብለው ከሚሠሩት አንዱ፣ ሩገር ኤልሲፒ፣ 270 ግራም ገደማ ነው። ሽጉጡ በቀለለ ቁጥር ርግጫው በእጅ ላይ ይበረታል። ከእጅ አልፎ ሽጉጡን ራሱን ያስቸግረዋል። የላይኛው ተንሸራታች ብረት ከታሰበው በላይ ፈጥኖ ሄዶ ይመለሳል። የካዝናው ሞላ ቀጣዩን ጥይት ወደ ላይ ገፍቶ ሳይጨርስ ብረቱ ያልፈዋል። ያኔ ወይ ባዶ ይዘጋል፣ ወይ ጥይቱ አጋድሞ ይቀረቀራል። ኃይለኛ ጥይት የገዛችሁት በክፉ ቀን እንዲያድናችሁ ነበር። በዚያው ቀን ሁለተኛው ጥይት ላይ ቆመባችሁ።

የአሜሪካው ፌዴራል የምርመራ ቢሮ፣ ኤፍቢአይ፣ በዚህ መንገድ ሄዶ የተመለሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ማያሚ ውስጥ ሁለት ወኪሎቹ በተኩስ ከሞቱ በኋላ ወደ 10 ሚሊሜትር ጥይት፣ ቀጥሎም .40 ወደሚባለው ሄደ። ሁለቱም ጉልበታም ናቸው፤ ሁለቱም ይራገጣሉ። ከዓመታት በኋላ ወደ 9 ሚሊሜትር ተመለሰ። የጥይት አሠራር ከመሻሻሉም በላይ፣ አብዛኛው ሰው በ9 ሚሊሜትር ፈጥኖና አስተካክሎ እንደሚመታ ስላየ ነው። በሥራ ሰዓቱ ተኩስ የሚለማመድ ሰው እንዲህ ካለ፣ በዓመት ጥቂት ጥይት ብቻ የሚተኩስ የባንክ ጥበቃ ምን ሊል ነው?

ወደ ራሳችን መሣሪያ እንምጣ። በር ላይ ካስረከባችሁት ውስጥ ብዙው ማካሮቭ ነው። ማካሮቭ የሶቪየት ጦር እ.ኤ.አ. በ1951 የተቀበላት ሽጉጥ ናት። ጠንካራ ናት፤ እኔም እወዳታለሁ። ግን መቆለፊያ የላትም። ጥይቱ ሲፈነዳ ተንሸራታቹን ብረት የሚይዘው የራሱ ክብደትና በርሜሉ ላይ የተጠመጠመው ሞላ ብቻ ነው። ሞላው ከደከመ ወይም ጥይቱ ከበረታ ብረቱ ያለጊዜው ይከፈታል፣ መጨረሻው ላይም በኃይል ይላተማል።

ጥይቷ 9 በ18 ነው። የእርሳሱ ውፍረት 9.27 ሚሊሜትር ነው፤ የ9 በ19 እርሳስ ግን 9 ሚሊሜትርን እምብዛም አያልፍም። ሁለቱም «ዘጠኝ» ስለተባሉ ብቻ አይቀላቀሉም። ሌላም አለ። ሩሲያውያን ለተሻሻለችው ማካሮቭ፣ ፒኤምኤም ለሚሏት፣ ግፊቱ ከፍ ያለ 9 በ18 ጥይት ሠርተዋል። ለቀድሞዋ ማካሮቭ አይፈቀድም። ችግሩ የቀለሁ ልክ ያው መሆኑ ነው። ይጎርሳል፣ ይተኮሳል፣ ምንም ያልሆነ ይመስላል። እርሳሱ እንደለመዳችሁት ድቡልቡል ሳይሆን ጫፉ የተቆረጠ ሾጣጣ ከሆነ ለብቻው አስቀምጡትና ጠይቁ።

ከጣሊያን የቀረ ሽጉጥ ከአባት የወረሳችሁም ትኖሩ ይሆናል። በሬታ 1934 ከሆነ አጭሩን ዘጠኝ፣ 9 በ17ን ነው የሚበላው። የ1910 ግሊሰንቲ ከሆነ ግን እባካችሁ ተጠንቀቁ። የራሱ ጥይት በመጠን ከ9 በ19 ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ባሩዱ ግን ለዘብ ያለ ነው። ለእሱ ተራው ፓራቤለም ራሱ ኃይለኛ ነው። እንዲህ ያለውን አጽድታችሁ በክብር አስቀምጡት፤ ለሥራ አይሆንም።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ ልግባ። እነዚህን ሁለት ጥይቶች ተመልከቱ። ከኋላ ያላችሁ በኋላ በእጃችሁ ታዩዋቸዋላችሁ። ከአንድ ሳጥን የወጡ ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ሳቆማቸው የቀኙ አጠር ይላል፤ ልዩነቱ በጥፍር ይዳሰሳል። እርሳሱ ፊቱ ላይ ጠፍጠፍ ብሏል። የቀለሁ ጠርዝ ተፋፍቋል። ምን ሆነ? ባለቤቱ ጠዋት ሲረከብ ያጎርሰዋል። ማታ ሲያስረክብ ያወጣዋል። ያንኑ ጥይት መልሶ ካዝናው አናት ላይ ያስቀምጠዋል፤ በማግስቱም ያንኑ ያጎርሳል። በየጊዜው እርሳሱ ከብረቱ ጋር እየተላተመ ወደ ቀለሁ ውስጥ ይሰጥማል።

እርሳሱ ሲሰጥም ለባሩዱ የሚቀረው ቦታ ይጠብባል። ቦታው ሲጠብ ግፊቱ ይጨምራል፤ ያውም ከሰጠመው መጠን ጋር በማይመጣጠን ፍጥነት። ሳጥኑ ላይ ፕላስ ፒ የሚል የለም። ጥይቱ ግን በራሱ ጊዜ ኃይለኛ ሆኗል። መነሻው ራሱ ኃይለኛ የነበረ እንደሆነስ? ጣሪያው ሥር ተጠግቶ የቆመ ነው፤ ትንሽ ስትገፉት ጣሪያውን አልፎ ይወጣል። ተራውን ጥይት ያዙ የምለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ተራው ለእንዲህ ያለ ቸልተኝነት ትንሽ ቦታ ይተዋል።

ስለዚህ አንድን ጥይት ደጋግማችሁ አታጉርሱ። ያወጣችሁትን ከአዲስ ጥይት ጋር አቁማችሁ አስተያዩ። ካጠረ፣ ለኃላፊው አስረክቡት። በፒንሳ ልሳበው፣ በጥርሴ ላስተካክለው የሚል ሰው ካለ ደግሞ ከአጠገቡ ዘወር በሉ። ቀላል ሪቮልቨር የያዛችሁ የእናንተ ነገር የተገላቢጦሽ ነው። በኃይለኛው ርግጫ ገና ያልተተኮሱት ጥይቶች እርሳስ ወደ ፊት ይወጣና መሽከርከሪያውን ይይዘዋል።

ስለ ሐይቁ አጭር ነገር ልበል። የጣና ዳር አየር በክረምት ብረት ያዝገዋል፤ እሱን ታውቁታላችሁ። ዘይት ስታበዙ ግን ወደ ጥይቱ ሰርጎ ያከሽፈዋል። በሚያዝያና በግንቦት ደግሞ ሽጉጡን ፀሐይ ላይ በቆመ ባጃጅ ወይም መኪና ውስጥ አትተዉ። ከስርቆቱ ሌላ የሞቀ ባሩድ የበለጠ ግፊት ይፈጥራል።

በፍሬ የሚሸጥ ጥይት አትግዙ። ሳጥን የለው፣ ታሪክ የለው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ አይሆንም ይላል። አዋጁ ባይኖር እንኳ ውስጡ ስንት ባሩድ እንዳለ የማታውቁትን ነገር ፊታችሁ አጠገብ ማፈንዳት ምን የሚሉት ነው?

ከሻይ በኋላ ወደ ጠረጴዛዎቹ እንሄዳለን። ሽጉጦቹ ባዶ እንደሆኑ ባስረከባችሁበት በር ላይ ይቆያሉ፤ የምናመጣው ጥይቱን ብቻ ነው። እያንዳንዳችሁ ካዝናው አናት ላይ የነበረውን ጥይት ለዩና ከአዲስ ጥይት ጎን አቁሙት። ርዝመቱን የምትለኩበት ካሊፐር አለ። ያጠረውን ቀዩ ሣጥን ውስጥ ጨምሩ፤ በምትኩ አሠሪዎቻችሁ አዲስ ለመስጠት ተስማምተዋል። ከዚያ በፊት ጥያቄ ያለው ያንሳ። አመሰግናለሁ።