መርዙን ከመበተናችን በፊት

የተከበራችሁ የገጠር ጤና ባለሙያዎች፣ የግብርና ባለሙያዎች፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ ለዘመቻው የተሰባሰባችሁ ወጣቶች፤ እንደምን አደራችሁ!

የተጠራነው ለቁንጭር ነው። በሕክምና ስሙ የቆዳ ሊሽማኒያሲስ ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው በየዓመቱ ከ600 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ሰው አዲስ ይያዛል። ሕመሙ አይገድልም፤ ስለማይገድልም ይመስለኛል በጀት ሲደለደል ሁልጊዜ ጭራ ላይ የሚቀመጠው። ፊቱ ላይ ጠባሳ የቀረበትን ሰው ግን «ቀላል በሽታ ነው» ብላችሁ ልታሳምኑት አትችሉም።

በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ርዝመቷ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው። ስትመጣ ድምፅ የላትም፤ በተለመደው አጎበር ቀዳዳም ሾልካ ትገባለች። እንደ ወባ ትንኝ ውሃ ላይ አትራባም። የምትፈልገው ጨለማ፣ እርጥበትና ብስባሽ ነው፤ የአይጥ ጉድጓድ ደግሞ ሦስቱንም አሟልቶ ይሰጣታል። ቀን ከፀሐይ ትጠለልበታለች፣ እንቁላሏን ትጥልበታለች፣ የምትመጠው ደምም እዚያው አለላት። በሽታውን የሚያመጣው ተውሳክ ከአይጥ ወደ ዝንብ፣ ከዝንብ ወደ አይጥ ሲመላለስ ይኖራል። እኛ መሃል የምንገባው ጉድጓዱ አጠገብ ቤት ስንሠራ፣ ማሳ ስናሰፋ ወይም በሙቀት ጊዜ ደጅ ስንተኛ ነው።

ይህን የሰማ ሁሉ ቶሎ የሚለው «መርዝ አምጡ» ነው። ቆይ፤ የትኛው እንስሳ ነው ተውሳኩን የያዘው?

በመካከለኛው እስያና በኢራን ገጠሮች ትልቁ ጀርቢል የሚባለው የበረሃ አይጥ ነው። ጀርቢል እህል ይበላል። ስለዚህ በኢስፋሃን ገጠር ከቤቶቹ ዙሪያ እስከ 500 ሜትር ድረስ 2.5 በመቶ ዚንክ ፎስፋይድ የተለወሰ ስንዴ በየጉድጓዱ ሲደረግ፣ ምንም ካልተደረገበት መንደር ጋር ሲነጻጸር አዲስ የሚያዘው ሰው በእጅጉ ቀነሰ። በሰሜን አፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ያለው ወፍራሙ የአሸዋ አይጥ ግን ሌላ ነው። ምግቡ ጨዋማ መሬት ላይ የሚበቅል ውሃ የቋጠረ ቁጥቋጦ ነው፤ የተመረዘ ስንዴ ብታፈሱለት ዞር ብሎም አያየው። በቱኒዚያና በሳውዲ አረቢያ የተሻለ የሠራው ማረሻ ነበር፤ መሬቱ በጥልቀት ሲታረስ ቁጥቋጦውም ጉድጓዱም አብረው ጠፉ። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ደግሞ ተውሳኩን የሚሸከመው ሽኮኮ ነው። ሽኮኮ አይጥ ቢመስልም ከአይጠ መጎጥ ወገን አይደለም፤ ዝምድናው፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ከዝሆን ጋር ነው። የሚኖረውም በገደልና በዓለት ስንጥቅ ውስጥ ነው። እዚያ የአይጥ መርዝ መበተን ወፍና ከብት መፍጀት ካልሆነ ትርፍ የለውም። በአንዳንድ ከተሞች ጭራሽ ተውሳኩን ተሸክሞ የሚያቆየው ሰው ራሱ ነው።

እንግዲህ ከቁስል የተወሰደውን ናሙናም ሆነ የተያዘውን እንስሳ ላቦራቶሪ ሳያየው አንድ ኪሎ መርዝ አይገዛ እላለሁ። አንዳንዶቻችሁ ጊዜ ያባክናል ትሉ ይሆናል። ያባክን።

የበሽታው ምንጭ የአይጥ ጉድጓድ መሆኑ ከተረጋገጠ ሥራው የሚጀመረው በአካፋ ነው። ያገኛችሁትን ቀዳዳ ሁሉ በአፈር ድፈኑ፣ ቁጥሩን ጻፉ፤ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ተመለሱ። ተከፍቶ የምታገኙት ነው አይጥ ያለበት፤ የቀረውን ተዉት። ቀጥሎ ለጥቂት ቀናት መርዝ የሌለበት ንጹሕ እህል ስጡ። አይጥ ተጠራጣሪ ነው፤ ትንሽ ቀምሶ ካመመው ያንን ምግብ ደግሞ አይነካም። ሲለምድ የተለወሰውን እጀታው ረጅም በሆነ ማንኪያ ወደ ውስጥ አስገቡና አፉን ዝጉ። ሜዳ ላይ የሚበተን ፍሬ መኖር የለበትም፤ ዶሮም ሕፃንም ያነሣዋል።

ዚንክ ፎስፋይድ ከጨጓራ አሲድ ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ማርከሻ የለውም። ጓንትና የአፍንጫ መሸፈኛ ግዴታ ነው፤ የተረፈውን በዱቄት ከረጢት ቋጥሮ ጓዳው የሚያስቀምጥ ሰው ከዘመቻው ይውጣ።

ጊዜውንም አስቡበት። ዘመቻው ዝንቧ መብረር ሳትጀምር ማለቅ አለበት። ዝንቧ ከወጣች በኋላ አይጡን ብንፈጀው፣ የተራበችው ዝንብ ፊቷን ወደ እኛ ልታዞር ትችላለች። የተለቀቀውንም ጉድጓድ መርዝ ካደረግንበት ክልል ውጭ ያሉት አይጦች መጥተው ይገቡበታል፤ ስለዚህ የአንድ ዓመት በጀት ብቻ ከሆነ የተያዘው ባንጀምረው እመርጣለሁ። ቁስል ያለበት ሰው ግን ይህን ሁሉ ሳይጠብቅ ዛሬውኑ ወደ ጤና ተቋም ይላክ። ቀዳዳው የጠበበ፣ ኬሚካል የተነከረ አጎበርም ለየቤቱ ይዳረስ።

ከምሳ በኋላ ወደ መንደሩ ዳርቻ እንወጣለን። አካፋ ያላችሁ ያዙ፣ መዝጋቢዎች እርሳስና ደብተር አትርሱ። መርዙ ዛሬ ከመጋዘን አይወጣም።

አመሰግናለሁ።